ሰማያዊው እና ጥቁሩ ሳጥን፦ ስሙ የተቀየረ የቢሮ ሰርቨር ከኦሪጅናሉ በምን ይለያል?

በአዲስ አበባው መርካቶም ሆነ በናይሮቢው ሉቱሊ ጎዳና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ለመግዛት የወጣ ሰው ሳይጠይቃት የማያልፋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ "ኦሪጅናል ነው?"

ለሞባይል ቻርጀር ጥያቄዋ ትበቃ ይሆናል። የክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ፣ የጠበቃ የደንበኞች ፋይል ወይም የቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ለሚቀመጥበት የቢሮ ሰርቨር ግን አትበቃም። በኦሪጅናል እና በፎርጅድ መካከል ሦስተኛ ዓይነት ዕቃ አለና። ይህም አንድ ኩባንያ ሠርቶት፣ ሌላ ኩባንያ በሕጋዊ ውል የራሱን ስም ለጥፎ የሚሸጠው ነው።

እንዲህ ያለው ዕቃ ሐሰተኛ አይደለም። የዋናው አምራች ፈቃድ አለው፤ ብዙ ጊዜም ውስጡ ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ገዢውስ ምን ብሎ ሊጠይቅ ይገባል?

ለዚህ ጥያቄ ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት በአሜሪካ ገበያ የተሸጡ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ጥሩ ማሳያ ናቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር ነበር። የሁለቱ ታሪክ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ስለሚታወቅ፣ ዛሬ በገበያ ላይ ስላሉ ዕቃዎች ገና ያልታየውን ነገር አስቀድሞ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በሌላ መልኩ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰማያዊው ሳጥን

ታሪኩ የሚጀምረው በካሊፎርኒያ ግዛት ማውንቴን ቪው ከተማ ነው። በ1996 ኮባልት ማይክሮሰርቨር በሚል ስም የተቋቋመውና በኋላ ኮባልት ኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ፣ በ1998 "ኪውብ" የተሰኘ ሰርቨር ለገበያ አቀረበ። ስሙ እንደሚያመለክተው ዕቃው ኩብ ሲሆን፣ ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ቀለሙ የኩባንያውን ስም የሚያስታውስ ሰማያዊ ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ አነስተኛ ቢሮ የራሱ ሰርቨር እንዲኖረው ከፈለገ፣ ኮምፒውተር መግዛት፣ ለሰርቨር የሚሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን፣ የኢሜይሉን፣ የድረ ገጹንና የፋይል መጋሪያውን ሶፍትዌር ለየብቻ ማስተካከል፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያም መቅጠር ነበረበት። ኮባልት ያቀረበው ሐሳብ ሌላ ነበር። ሰርቨሩ እንደ ማቀዝቀዣ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሶኬት ላይ ይሰካ፤ የተሠራለትን ሥራ ይሥራ፤ ባለቤቱ ስለ ውስጡ አይጨነቅ የሚል ነው። ለተወሰነ አገልግሎት ዝግጁ ሆኖ የሚሸጥ ሰርቨር "አፕሊያንስ" የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኪውብ ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ አያስፈልገውም። በጀርባው ሁለት መስመር ጽሑፍ የምታሳይ ትንሽ መስኮት እና የቀስት ቁልፎች አሉት። የአይፒ አድራሻው በእነዚህ ቁልፎች ይገባል። ቀሪው ሥራ በቢሮው ካለ ከማንኛውም ኮምፒውተር በብራውዘር ይከናወናል፦ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ማውጣት፣ ለሠራተኞች የኢሜይል አድራሻ መክፈት፣ የጋራ ማኅደር ማዘጋጀት። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ደግሞ በጀርባው ባለች ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ በወረቀት መያዣ ሽቦ ተጭኖ አዲስ ማውጣት ይችላል።

ከውስጥ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊነክስ ነበር፤ ኩባንያው የሬድ ሃትን ሊነክስ ወስዶ ለራሱ ዕቃ እንዲስማማ አድርጎታል። ድረ ገጹን የሚያስተናግደው አፓቺ፣ ኢሜይሉን የሚያመላልሰው ሴንድሜይል፣ ፋይሎችን ከዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ጋር የሚያጋራው ሳምባ ሁሉም ማንም በነፃ ሊያገኛቸው የሚችሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ኮባልት የጨመረው ዋና ነገር እነዚህን ሁሉ ከአንድ ገጽ ላይ ለማዘዝ የሚያስችለውን የአስተዳደር ገጽ ነው።

ሁለተኛው ትውልድ "ኪውብ 2" በ250 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር እና ሁለት የኔትወርክ መሰኪያዎች ነበሩት። አንዱ መሰኪያ ከቢሮው ኮምፒውተሮች፣ ሌላው ከኢንተርኔቱ ጋር ሲገናኝ ሳጥኑ በሁለቱ መካከል እንደ በረኛ ያገለግላል።

ፕሮሰሰሩ በተለመዱት ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው የኢንቴል ዓይነት አልነበረም። ሚፕስ የተባለው ቤተሰብ አባል ነበር፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን እና ኒንቴንዶ 64 የተሰኙት የጨዋታ መሣሪያዎችም የዚሁ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ነበሯቸው። ይህ ዝርዝር ለገዢው ትልቅ ትርጉም አለው። ለኢንቴል ተዘጋጅቶ የተጠናቀቀ ፕሮግራም በሚፕስ ላይ እንዳለ አይሠራም። ስለዚህ የሳጥኑ ባለቤት ማሻሻያ የሚያገኘው ለዚሁ ሳጥን ብሎ ከሚያዘጋጅለት ወገን ብቻ ነው።

ጥቁሩ ሳጥን

ጌትዌይ በ1985 በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት፣ በከብት እርባታ አገር የተመሠረተ የኮምፒውተር ሻጭ ነው። ኮምፒውተሮቹን እንደ ላም ቆዳ ጥቁርና ነጭ በሆነ ካርቶን አሽጎ መላኩ መለያው ነበር። በስልክ ያዘዙትን ደንበኞች በቀጥታ ያስተናግዳል፤ "ጌትዌይ ካንትሪ" በሚል ስም የራሱ መደብሮችም ነበሩት። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ቤተሰቦች እና አነስተኛ ቢሮዎች ነበሩ።

ኮባልት ዕቃ ነበረው፤ ጌትዌይ ደግሞ ደንበኛ። ሁለቱ ተስማሙና፣ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 መባቻ ኪውብ 2 ጥቁር ሽፋን ለብሶ፣ የጌትዌይን አርማ አንግቶ "ጌትዌይ ማይክሮ ሰርቨር" ተብሎ መሸጥ ጀመረ። "ራክ" የተባለውና በመደርደሪያ ላይ የሚገጠመው የኮባልት ጠፍጣፋ ሰርቨርም እንዲሁ በጌትዌይ ስም ቀርቧል። የሃርድ ዲስክ አምራቹ ሲጌት ደግሞ "ናስራክ" የተሰኘውን የኮባልት የፋይል ማከማቻ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር።

ይህ አሠራር በኢንዱስትሪው ውስጥ እንግዳ አይደለም። ኳንታን እና ዊስትሮንን የመሳሰሉ የታይዋን ኩባንያዎች ሸማቹ በሌላ ስም የሚያውቃቸውን ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች ሲሠሩ ኖረዋል። ለዋናው አምራች የሽያጭ ሠራተኛ ሳይቀጥር ገበያው ይሰፋለታል። ስሙን የሚለጥፈው ደግሞ መሐንዲሶች ቀጥሮ ዓመታት ሳይጠብቅ አዲስ ምርት ያገኛል። ገዢውም ከሚያውቀው መደብር፣ ከሚያውቀው ሻጭ መግዛቱ ዋጋ አለው።

አንድ የሆነው ምንድን ነው?

የሁለቱ ሳጥኖች አንድነት ከሁሉ በተሻለ የሚታየው ከሻጮቹ ማስታወቂያ ውጭ ነው። ኔትቢኤስዲ የተባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች ሲስተማቸውን ለኮባልት ሚፕስ ሰርቨሮች እንዲሆን አድርገው አዘጋጅተዋል። ሲስተሙ ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የጌትዌዩ ማይክሮ ሰርቨር እና የሲጌቱ ናስራክ ከኮባልት ኪውብ እና ራክ ጋር አብረው ተቀምጠዋል። ለሶፍትዌሩ ጥቁሩም ሰማያዊውም ያው አንድ ማሽን ናቸው።

ስለዚህ በፍጥነት፣ በአቅምና በሚሰጡት አገልግሎት በሁለቱ መካከል ልዩነት መፈለግ ትርፍ የለውም። "ኦሪጅናሉ ይበልጣል" ብሎ ለሰማያዊው ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው የተሻለ ፕሮሰሰር አላገኘም። "ጥቁሩ የትልቅ ኩባንያ ስም አለው" ብሎ የመረጠም እንደዚያው።

አንድነቱ ድክመትንም ይጨምራል። በንድፉ ላይ ያለ ጉድለት ከሽፋኑ ቀለም ጋር አይቀየርም። በአፓቺ ወይም በሴንድሜይል ላይ የተገኘ የደኅንነት ቀዳዳ በሁለቱም ላይ አለ። ሃርድ ዲስኩም በሁለቱ ውስጥ የሦስተኛ ወገን ሥራ ነው፤ ኮባልትም ጌትዌይም ዲስክ አያመርቱም ነበር። ተሽከርካሪ ዲስክ ደግሞ የማንም ስም ቢለጠፍበት አንድ ቀን ይበላሻል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት አካባቢ ደግሞ ቀኑ ሊቀርብ ይችላል፤ ሰርቨር በሥርዓት ሳይዘጋ ኃይል ሲቋረጥበት በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል የመበላሸት ዕድል አለው።

የሚለያየውስ?

ልዩነቱ የሚጀምረው ሳጥኑ ሥራ ያቆመ ዕለት ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው የሚለው ነው። ስሙን የለጠፈው ኩባንያ ዋስትናውን የሚሰጠው በራሱ ስም ነው፤ የጥቁሩ ሳጥን ባለቤት የሚደውለውም ወደዚያው ነው። መደብሩ በቅርብ ካለ፣ ሠራተኞቹም ዕቃውን ካወቁት ይህ ከኦሪጅናሉ የተሻለ አገልግሎት ሊሆን ይችላል። ካላወቁት ግን ጥያቄው ከሻጩ ወደ አምራቹ፣ መልሱም ከአምራቹ ወደ ሻጩ ይመላለሳል። በመሐል ቢሮው ያለ ኢሜይል ይቆያል።

ሁለተኛው ማሻሻያው የሚመጣበት መንገድ ነው። አንድ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ መጀመሪያ የሶፍትዌሩ ጸሐፊዎች ያርሙታል። ቀጥሎ የሳጥኑ አምራች እርማቱን ለራሱ ዕቃ እንዲስማማ አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ ኪውብን በመሰለ ሚፕስ ማሽን ላይ ይህ ግዴታ ነው። ስሙ በተቀየረ ዕቃ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እጅ ይኖራል፦ ስም ለጣፊው ማሻሻያውን መርምሮ፣ በራሱ ገጽ ላይ እስኪያወጣው ድረስ ገዢው ይጠብቃል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር የመዘግየት ዕድሉ ይጨምራል። አንዱ ቀለበት ቢበጠስ ደግሞ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ ይቆማል።

ሦስተኛው ዲስኩ የተበላሸ ዕለት የሚፈለገው ነገር ነው። ኪውብ የሲዲ ማጫወቻ የለውም። አዲስ ዲስክ ሲገባለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚጫነው የማስመለሻ ሲዲ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ሳጥኑ በኔትወርክ ገመድ ከዚያ እንዲነሳ በማድረግ ነው። ሲዲው የሌለው ሰው ሃርድዌሩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ በእጁ የቀረው ባዶ ሳጥን ነው። ታዲያ ይህ ሲዲ የሚገኘው ከአምራቹ ነው ወይስ ከስም ለጣፊው? ጥያቄው በግዢው ዕለት ካልተጠየቀ፣ በችግሩ ዕለት መልስ ማግኘት ይከብዳል።

አራተኛው መረጃ ፍለጋ ነው። ባለሙያዎች ስለ አንድ ችግር ሲጽፉ የሚጠቀሙት የዋናውን አምራች ስምና የሞዴል ቁጥር ነው። ጥቁሩ ሳጥን ኪውብ 2 መሆኑን የማያውቅ ባለቤት የሚፈልገው "ጌትዌይ ማይክሮ ሰርቨር" እያለ ነው፤ ለእርሱ ችግር የተጻፈው መፍትሔ በሌላ ስም ተቀምጦ ሳያገኘው ይቀራል።

ኦሪጅናሉም ስሙን ቀየረ

እስካሁን የተባለው ሁሉ "እንግዲያው ኦሪጅናሉን መግዛት ይሻላል" ወደሚል ድምዳሜ የሚወስድ ይመስላል። የኮባልት ቀጣይ ታሪክ ግን ድምዳሜውን ይፈትነዋል።

ኩባንያው ኅዳር 1999 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ ዘመኑ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ዋጋ ሰማይ የነካበት ነበር። በ22 ዶላር የቀረበው አክሲዮን በዚያው ቀን ምሽት ከ128 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በመስከረም 2000 ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የአክሲዮን ልውውጥ ኮባልትን እንደሚገዛ አስታወቀ፤ በዓመቱ መጨረሻም ግዢው ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ሳጥን ራሱ የሰንን ስም ተሸከመ። ሦስተኛው ትውልድ "ኪውብ 3" ደግሞ ሚፕስን ትቶ የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ስለያዘ፣ ለእርሱ የሚዘጋጀው ፕሮግራም በቀድሞዎቹ ኪውቦች ላይ እንዳለ የሚሠራ አልነበረም።

የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገበያ ሲወድቅ ሰንም ተጎዳ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኮባልት ምርቶች አንድ በአንድ ከገበያ ወጡ። በ2010 ሰን ራሱ የኦራክል ንብረት ሆነ። ጌትዌይም ዕጣው ከዚህ አልራቀም፤ በ2004 የቀሩትን 188 መደብሮቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ በ2007 ደግሞ የታይዋኑ ኤሰር በ710 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

የሰማያዊው ገዢ "አምራቹ ራሱ አለልኝ" ብሎ ነበር። የጥቁሩ ገዢ ደግሞ "ትልቁ ኩባንያ አለልኝ" ብሎ። ሳጥኖቹ በተሸጡ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሁለቱ ኩባንያዎች አንዱም ራሱን ችሎ አልቆመም።

ሳጥኖቹን ያቆያቸው ሌላ ነገር ነው። ውስጣቸው ሊነክስ በመሆኑ ሌሎች ሰዎች ሊሠሩበት ቻሉ። ዴቢያን የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የሊነክስ ዓይነት የሚፕስ ኪውቦችን ይደግፍ ነበር፤ ኔትቢኤስዲም እንዲሁ። ሰን ደግሞ በ2003 መጨረሻ የአስተዳደር ገጹን ምንጭ ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ከዚያ ኮድ "ብሉ ኳርትዝ" እና "ብሉ ኦኒክስ" የተባሉ ሶፍትዌሮች ተወልደው በተራ ኮምፒውተሮች ላይ መሥራት ቀጠሉ። ከዚህ ሁሉ የሁለቱም ሳጥን ባለቤቶች ተጠቅመዋል፤ መጠቀም የቻሉት ግን ሳጥናቸው በውስጡ ማን እንደሆነ ያወቁት ናቸው።

ስም ሲቀያየር ቀዳዳው ይቀራል

ተመሳሳይ ታሪክ በቅርብ ዓመታት በከፋ መልኩ ታይቷል። አዮሜጋ የተባለው ኩባንያ ለአነስተኛ ቢሮዎች የሚሆኑ የፋይል ማከማቻ ሰርቨሮችን ይሠራ ነበር። በ2008 ኢኤምሲ ገዛው። ኢኤምሲ ከቻይናው ሌኖቮ ጋር የጋራ ድርጅት ካቋቋመ በኋላ፣ በ2013 ምርቶቹ "ሌኖቮ ኢኤምሲ" ተባሉ። ከዚያ ምርቱ ቆመ፤ ሳጥኖቹ ግን በየቢሮው እንደተሰኩ ቀሩ።

በሐምሌ 2019 ተመራማሪዎች በእነዚህ ሳጥኖች ላይ ማንም ሰው ያለ የይለፍ ቃል በኢንተርኔት ገብቶ ፋይል እንዲያነብ የሚፈቅድ ቀዳዳ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። ከ5 ሺህ በላይ መሣሪያዎች ተጋልጠው ተገኝተዋል። በእነርሱ ላይ የነበረው 3 ሚሊዮን ያህል ፋይል፣ በመጠን 36 ቴራባይት ገደማ ነበር፤ የባንክ ካርድ ቁጥርን የመሰለ የገንዘብ መረጃም በውስጡ ተገኝቷል። ሌኖቮ ያቆማቸውን የሶፍትዌር ዓይነቶች መልሶ አንስቶ እርማት አዘጋጀ።

የአዮሜጋ ስም ያለበት ሳጥን ባለቤት የሌኖቮን ማስጠንቀቂያ ቢሰማ እንኳ እርሱን እንደሚመለከተው ላያውቅ ይችላል። ቀዳዳው ግን ተለጣፊውን አይጠይቅም።

በጥቅምት 2016 የአሜሪካን ትላልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ካስተጓጎለው ጥቃት በስተጀርባም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ለጥቃቱ መሣሪያ ከሆኑት ዕቃዎች መካከል የቻይናው ሺዮንግማይ ክፍሎች ያሉባቸው የደኅንነት ካሜራዎችና ምስል መቅጃዎች ይገኙበታል። ዕቃዎቹ የተሸጡት በሌሎች ብዙ ስሞች ስለነበር ብዙ ባለቤቶች የአምራቹን ስም ሰምተውት አያውቁም ነበር።

በቀጠናችን ኃላፊነቱ የማን ነው?

ጉዳዩ ከቴክኒክ ወደ ሕግ ከተሸጋገረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ኬንያና ኡጋንዳ በ2019፣ ሩዋንዳ በ2021፣ ታንዛኒያ በ2022፣ ሶማሊያ በ2023 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን በ2016 ዓ.ም አጽድቃለች።

የእነዚህ ሕጎች መሠረታዊ ሐሳብ ተቀራራቢ ነው፦ የሰዎችን መረጃ የሰበሰበና የያዘ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የታካሚዎቹ መዝገብ የወጣበት ክሊኒክ "ሰርቨሩ በሌላ ስም የተሸጠ ነበር፣ ማሻሻያውም አልመጣልንም" ቢል፣ የመጠበቁ ግዴታ ከእርሱ ወደ ሻጩ አይዛወርም። ለዚህ ነው በግዢ ዕለት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ዋጋ ያላቸው።

ከመግዛትዎ በፊት

ስሙ የተቀየረ ዕቃ መሆኑን ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አያደክምም። የሚከተሉት መንገዶች ይረዳሉ፦

• ከሳጥኑ ሥር ያለውን ተለጣፊ ያንብቡ። ከፊት ያለው አርማ የሻጩ ሲሆን፣ ከሥር ያለው የሞዴል ቁጥር ወይም የአምራች ስም የሌላ ሊሆን ይችላል።

• የማክ አድራሻውን ይመልከቱ። እያንዳንዱ የኔትወርክ መሰኪያ ካለው ባለ 12 አኃዝ አድራሻ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ቁጥሩን ያስመዘገበውን ኩባንያ ያመለክታሉ፤ መዝገቡም በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ለኮባልት ተሰጥቶ የነበረው ቁጥር ዛሬ በኦራክል ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ይህ ማስረጃ የኔትወርክ መሰኪያውን ባለቤት ብቻ ሊያሳይ ስለሚችል ከሌሎቹ ጋር ቢታይ ይሻላል።

• የአስተዳደር ገጹን ይክፈቱ። የፈቃድ ጽሑፉ፣ የእርዳታ ገጾቹ ወይም ማሻሻያ የሚወርድበት አድራሻ ብዙ ጊዜ የዋናውን አምራች ስም ይናገራሉ።

ዋናውን አምራች ካወቁ በኋላ ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አምስት ናቸው፦

• የደኅንነት ማሻሻያውን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የመጨረሻው የወጣውስ መቼ ነው? ዓመት ያለፈው ከሆነ መልሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

• ድጋፉ እስከ መቼ ይቆያል? ቀኑ በጽሑፍ ተገልጿል?

• የአምራቹ ማሻሻያ ስሙ በተቀየረው ዕቃ ላይ በቀጥታ ይጫናል? ወይስ የግድ የሻጩን መጠበቅ ያስፈልጋል?

• ዋስትናው ዕቃው በተገዛበት አገር ይሠራል? ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ የመጣ ሰርቨር ዋስትናው እዚያው ሊቀር ይችላል።

• ሳጥኑ ቢሞት ፋይሎቼን በምን አነባለሁ? ዲስኩ ወጥቶ በተራ ኮምፒውተር የሚነበብ ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ከሳጥኑ ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስፈልጋል።

ለአምስቱ ጥያቄዎች የስም ለጣፊው መልስ ከአምራቹ ከተሻለ፣ ስሙ የተቀየረው ዕቃ የተሻለው ግዢ ነው። ይህ ደግሞ የማይሆን አይደለም፤ በአገር ውስጥ ባለሙያና መለዋወጫ ያለው ሻጭ፣ በሩቅ ካለ አምራች ይልቅ ለአንድ ትንሽ ቢሮ ይጠቅማል።

ሰርቨሩ ቀድሞ ተገዝቶ ከሆነስ?

በብዙ ቢሮዎች ሰርቨሩ ከዓመታት በፊት ተገዝቶ፣ የገዛው ሠራተኛ ለቆ፣ ሳጥኑ ጥግ ላይ አቧራ እየጠጣ መሥራቱን ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ቢሮ የመጀመሪያው ሥራ ሳጥኑ ማን እንደሆነ ማወቅና የዋናውን አምራች ስምና ሞዴል ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ድጋፉ ያበቃ መሆኑን ማጣራት ይገባል። አብቅቶ ከሆነ፣ ሳጥኑ ጤነኛ ቢመስልም ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ እንዳይገናኝ ማድረግ፣ ፋይሎቹን ገልብጦ በሌላ ቦታ ማስቀመጥና ቅጂው በትክክል እንደሚከፈት መሞከር ያስፈልጋል።

የኮባልት ሳጥኖች ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆነዋል፤ ሰማያዊውንም ጥቁሩንም አስነስተው የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። በውስጣቸው የነበረው የደንበኞች ኢሜይልና የቢሮ ሰነድ ግን ዕጣው የተወሰነው በሳጥኑ ቀለም አልነበረም። የተወሰነው ባለቤቱ ሳጥኑ ከመቆሙ በፊት ቅጂ ማስቀመጥ አለማስቀመጡ ላይ ነው።